የቆመችና የቆየች

ሰሞኑን የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ማንበብ ይዣለሁ። ልገዛ አይደለም፤ ዕድሜውን በአስተማሪ ደመወዝ የገፋ ሰው ዛሬ ገበያ ወጥቶ ምን መኪና ይገዛል ብላችሁ! የማነበው እንደ ድርሰት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የያዘኝ አመል እስካሁን አለቀቀኝም፤ የስኳር መጠቅለያ ላይ የተጻፈም ቢሆን «ተራኪው ማነው? ምንስ እየደበቀን ነው?» ሳልል አላልፍም።

ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ ቀልቤን የሳቡት የአሮጌ ትንንሽ መኪኖች፣ በተለይም የቮልስ ማስታወቂያዎች ናቸው። ቋንቋቸው የአንድ ደራሲ ሥራ እስኪመስል ድረስ ተመሳሳይ ነው። ያልተነዳች፣ ያልተነካካች፣ ያልተጋጨች፣ ቀለሟ ያልተቀየረ፣ ከአንድ ሰው እጅ ያልወጣች፣ ጋራዥ የቆመች። ደላላው ጋ ስትደውሉም ይህንኑ ይደግምላችኋል፤ ሲጨምርበትም «ኧረ ጌታዬ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም!» ይላል።

እስቲ ግሦቹን ልብ በሉልኝ። ሁሉም ማለት ይቻላል አሉታዊ ናቸው። መኪናዋ ሃምሳ ዓመት ኖራለች፤ ስለ እሷ የሚነገረን ግን ያላደረገችው ብቻ ነው። የት የት ደረሰች? የማንን ሙሽራ ወሰደች? የማንን ምጥ ሐኪም ቤት አደረሰች? ዝም! ስለ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው «ያልሠራ፣ ያልወደቀ፣ ከቤት ያልወጣ፣ ከማንም ጋር ያልተጋጨ» ተብሎ ቢነገረን ልጃችንን እንድርለታለን? የኛ ሰው እንዲህ ላለው አጭር ቃል አለው፤ «ቆሞ ቀር» ይለዋል።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይህ ነው፤ ማቆምና ማቆየት ተምታተውብናል። አማርኛ ግን ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልን ነበር። ማቆም የሚሄደውን መግታት ነው። ማቆየት ደግሞ ያለውን ለሚመጣው ሰው ማድረስ ነው። «የቆየ ወዳጅ» ስንል ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ያስቀመጥነውን ሰው ማለታችን አይደለም፤ ክፉና ደጉን አብረን ያየነውን፣ ተጣልተን የታረቅነውን ማለታችን ነው።

ያልተነዳችን መኪና የማምለኩ ነገር እኛ ዘንድ አልተጀመረም። ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ በተባለች ከተማ የመጨረሻዋ የጥንቷ ቮልስ ከፋብሪካ ወጣች። ቁጥሯ 21,529,464 ነበር። ፋብሪካው መሰናበቻ ብሎ የመጨረሻዎቹን 3,000 መኪኖች ለብቻቸው ለይቶ «ኡልቲማ ኤዲሲዮን»፣ የመጨረሻው እትም ማለት ነው፣ የሚል ስም ሰጣቸው። ቀለማቸው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ክሬም። የመጨረሻዋ መጨረሻ በሜክሲኮ ማሪያቺ ሙዚቀኞች ታጅባ ወጣችና ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ከተማ ወዳለው ሙዚየም ተላከች። ከተቀሩትም ውስጥ አየሩ በተመጠነ ጋራዥ፣ ከነላስቲካቸው፣ ቆጣሪያቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ እንዳሳየ የሚጠበቁ አሉ። ዋጋቸው የሚወጣው ባልሄዱ መጠን ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው ስሟ ነው። ቮልክስዋገን ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ነው። ታሪኳም ሲጀመር ያላማረ ነበር። በሂትለር ዘመን ጀርመኖች በሳምንት አምስት አምስት ማርክ ቴምብር እየገዙ ቢቆጥቡ መኪናዋን እንደሚያገኙ ቃል ተገብቶላቸው፣ 336,000 ያህል ሰዎች ቆጠቡ። ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካው ለጦር ዞረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በዚያ ዕቅድ መኪና አላገኘም። የሕዝብ መኪና የሆነችው ከጦርነቱ በኋላ፣ ሕዝብ ሲነዳት ነው። በየካቲት 1964 ዓ.ም. 15,007,034ኛዋ ስትሠራ የፎርድን «ሞዴል ቲ» ክብረ ወሰን የሰበረችው በገበሬና በአስተማሪ፣ በነርስና በነጋዴ እጅ ስለገባች እንጂ ላስቲክ ስላልተነሳላት አልነበረም። ዛሬ የሕዝብ መኪና ሕዝብ የማይቀመጥባት ዕቃ ስትሆን ማየት፣ እንደ ድርሰት ካየነው፣ ምፀት ይባላል።

«ትንሽ ኪሎ ሜትር» የሚባለው ማስረጃም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም። የጥንቷ ቮልስ ቆጣሪ አምስት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ክሩስኮቱ ላይ 41,000 ብታነቡ መኪናዋ 41,000 ትሂድ፣ 141,000 ትሂድ፣ 241,000 ትሂድ፣ ከቆጣሪው የምታውቁት ነገር የለም። ተማሪዎቼን «የማይታመን ተራኪ» ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስንት ልብ ወለድ ገልጫለሁ! አንዲት ቮልስ ግቢው ውስጥ ባቆም ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አይደለም፤ በአምቦ መንገድ ላይ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ስለ መኪና ለማሰብ ይመቻል። አጼ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያስጠረጉት ጎዳና ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራውን መዳመጫ ያስመጣውም በዚያው ዘመን ነበር፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው እሱን ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ በረሃ ለበረሃ እየነዳ አምጥቶ ለምኒልክ አስረከበ። ልብ በሉ፤ መኪና ወደዚህ አገር የመጣችው እየተነዳች፣ አቧራ ለብሳ፣ ተጎሳቁላ ነው። የዛሬ ደላላ ቢያገኛት «ብዙ ተነድታለች» ብሎ ዋጋዋን ይሰብረው ነበር።

በዚሁ መንገድ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የደንዲ ወረዳዋ ጊንጪ አለች። እዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት አሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ በሸራ የተሸፈነች ቮልስ አለች። የገዟት በወጣትነታቸው፣ ለውጡ ሲመጣ ከአገር ይወጣ ከነበረ ፈረንጅ እጅ ነው። ቆጣሪዋ 38,000 ይላል፤ እሳቸውም አንድም ዙር እንዳልዞረ ማርያምን ጠርተው ይምላሉ። እኔም አመንኳቸው። ምክንያቱም በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ስለነበር አልነዷትም፤ ከዚያ በኋላ መለዋወጫ እንዳይጠፋ ፈርተው አልነዷትም፤ በኋላ ደግሞ ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ደውሎ «አባዬ፣ እንዳትነካት! እዚህ እንዲህ ያለችው በወርቅ ነው የምትመዘነው» ስላላቸው አልነዷትም።

«ጋሼ፣ እንዲያው አንድ ቀን እንኳ ቤተሰቡን ይዘው አምቦ ፍል ውሃ አልሄዱባትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በአውቶቡስ እንሄዳለን’ኮ። እሷን ምን ብዬ ላድክማት?»

ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር። ቀና ሳይሉ «እኔ እንኳ የማውቃት በሸራዋ ነው» አሉ። ቀስ ብለውም የሆነውን ነገሩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ሆዳቸውን ክፉኛ ታመው ነበር። መኪናዋ ከመኝታ ቤቱ መስኮት አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች። ግን «እንዳይጎዳ» ተብሎ ባትሪዋ ተነስቷል፤ ቤንዚኗ «እንዳይበላሽ» ተቀድቷል፤ ቦሎም የላትም። ጎረቤት ተቀስቅሶ፣ ሚኒባስ በኮንትራት ተለምኖ፣ አምቦ የደረሱት ሊነጋጋ ሲል ነው። እግዜር ይመስገን ተረፉ። ሽማግሌው ይህ ሲወራ ሲኒያቸውን እያዩ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ለመተቸት አቅም የለኝም፤ ያቺ ሌሊት ምን ያህል እንደከበደቻቸው ያስታውቃል።

ጭካኔው ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ መሥዋዕትነት መኪናዋንም አላዳናትም። የሚያውቁት አንድ ወጣት መካኒክ ከአምቦ መጥቶ ነበርና ሸራው ሲገለጥ አብሬ አየሁ። ላዩን ስታዩት ዓይን ትማርካለች፤ ፓራውልቷ ያብረቀርቃል። የኋላ ወንበሯ ሲነሳ ግን ባትሪ የሚቀመጥበት ወለል በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል። ጎማዎቿ በቆሙበት በኩል ጠፍጥፈው ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። የቤንዚን ቱቦዎቿ ደርቀው እንደ ብስኩት ይሰበራሉ፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በሚግልባት ቮልስ ላይ ይህ እሳት መጥራት ነው። የቀረው ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ሙጫ ሆኗል። የፍሬን ዘይቱ የስንት ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ውስጥ ውስጡን ብረቱን አዝጎታል። ማራገቢያው ሥር ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርታለች። እንግዲህ ከሁላችንም መኪናዋን የተጠቀመችባት አይጧ ብቻ ናት ማለት ነው።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ብትነዳ ኖሮ ይሄኔ አዲስ ነበረች» አላቸው። ስንት ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

አሁን ግን ለሽማግሌው መቆም አለብኝ። ሞኝ አይደሉም። እዚህ አገር መኪና ከመጓጓዣነት አልፎ ጥሪት ነው። ሌላ ዓለም ላይ አዲስ መኪና ከመሸጫው በር ስትወጣ ዋጋዋ ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ሃያ ዓመት ነድተዋት ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። ብር በየዓመቱ ሲሟሟ ያየ ሰው ላሜራና ጎማ ላይ ቢተማመን አይፈረድበትም። ሕጉም ወደዚያው ገፍቶታል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ይህ ሲታወጅ አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን መኪና ሁሉ፣ ያ የጎረቤታችሁ ጭስ የምትተፋ ኮሮላ ሳትቀር፣ በአንድ ሌሊት «የመጨረሻው እትም» ሆነ። ፑዌብላ መሄድ አላስፈለገንም።

ሌላም እውነት አለ። መንዳት ብቻውን አያቆይም። ሰይቼንቶን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ አዲስ አበባን ያመላለሰችው ትንሿ ፊያት 600 ታክሲ። ሳያርፏት ነዷት፤ ቀጣጥለው፣ ከአንዷ ለአንዷ አካል እየነቀሉ ነዷት፤ አለቀች። ዛሬ አንዲት ብትታይ ሰው ዞሮ ነው የሚያያት። ስለዚህ «ንዱ፣ ጨርሱ» የሚል ስብከት የለኝም። ሽማግሌው ሸራ ባያለብሷት ኖሮ ጊንጪ ውስጥ ዛሬ የምናወራላት ቮልስ አትኖርም ነበር። የጠባቂ ልብ ነበራቸው፤ የጎደለው እንዴት እንደሚጠበቅ የነገራቸው ሰው ነው። የነገራቸው ዋጋዋን ብቻ ነበር።

ለመሆኑ ዋጋ የሚባለው ከየት ነው የሚመጣው? በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምትታወቀው ትንሽ መኪና የቷ ናት? ጥርጥር የለውም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ያወጣቻቸው ቮልስ ናት። በሮልስ ሮይስ ይጓዙ የነበሩ ንጉሥ አጎንብሰው ወደ ቮልስ የኋላ ወንበር ሲገቡ አንድ ዘመን ተዘጋ። ያንን በጎም በሉት ክፉ፣ ፖለቲካውን ለየራሳችሁ እተዋለሁ። የኔ ነጥብ ሌላ ነው፤ ያቺ መኪና የታሪክ መኪና የሆነችው ስላልተነዳች ሳይሆን ያን ቀን ስለተነዳች ነው። ምናልባት አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳ ይሆናል። ቆጣሪዋ ስንት ይል እንደነበር ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የመጀመሪያውን እትም ንጹሕ ቅጂ ያገኘ ሰብሳቢ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን መጽሐፉን እስከዛሬ ያቆየው መስታወት ውስጥ የተቀመጠው ቅጂ አይደለም። ሽፋኑ የወደቀው፣ ጠርዙ በእጅ ላብ የጠቆረው፣ አንድ ክፍል ተማሪ ሙሉ የተቀባበለው ቅጂ ነው። በየገዳሙ ያሉ ዳዊቶችን ያየ ያውቃል፤ ዕለት ዕለት የሚደገመው ብራና ጠርዙ ይወዛል፣ ይጠቁራል። ያ እድፍ አይባልም። ያ ነው ታሪኩ።

ደንዲ ለዚህ ከመኪና የተሻለ ምሳሌም አላት። ከጊንጪ በላይ የጭልሞ ደን አለ። ጥድና ዝግባ የቀረበት፣ በመካከለኛው ከፍታችን ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ግድም ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተሞከረባቸው የአገራችን ቦታዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰውን በዘበኛ ከደኑ ከማባረር፣ ዙሪያውን ያለው ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ በልክ እየተጠቀመ እንዲጠብቀው። በልኩ ላይ ክርክር አይጠፋም። ግን ሐሳቡ የኔን ነገር ይደግፋል፤ ጥቅሙን የማያየውን ነገር ልጅህ አይጠብቅልህም። ዛሬ በጊንጪ ጎዳና ጋሪና ባጃጅ ሲጋፉ ተመልከቱ። ማንም ጋሪ ላይ ሸራ አልብሶ ያቆመ የለም፤ ጋሪ የሚሠራው እጅና ፈረስ የሚያርመው ሰው ግን አሁንም አለ። ዕውቀቱ የቆየው ሥራው ስላልቆመ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለች መኪና ያለው ሰው ምን ያድርግ? ላውራችሁ፤ ከመካኒኩ የሰማሁትን ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ አስነሱና ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ንዷት፤ ግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ማርሚታዋን ውሃ ከማጠጣት በቀር ፋይዳ የለውም። የፍሬን ዘይቷን በሁለት ዓመት ቀይሩ። የቤንዚን ቱቦዎቿን ሳይሰነጠቁ ቀይሩ፤ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የደረቀ ቱቦ ማቆየት ኦሪጅናል እሳት ያመጣል። ከባትሪዋ ሥር ያለውን ወለል በየክረምቱ ማግስት እዩ። አየር የማያሳልፍ ሸራ አታልብሱ። ለረጅም ጊዜ መቆሟ ግድ ከሆነ በክሪክ አንስታችሁ ከሥር ድጋፍ አድርጉላት። እኔ ደግሞ ከመምህርነቴ ሁለት ልጨምር። አንደኛ፣ ከሊብሬው ጎን ደብተር አኑሩና የሄደችበትን ጻፉ፤ ማን ገዛት፣ ማንን አደረሰች፣ የት ተበላሽታ ማን ጠገናት። አምስት ቁጥር ያለው ቆጣሪ የማይነግረውን ደብተሩ ይነግራል። ሁለተኛ፣ አንድ ወጣት አስተምሩባት። ካንዴላ ማጽዳት፣ ቫልቭ ማስተካከል የሚችል እጅ ከሌለ፣ መኪናዋ ብትቆይም የምትቆየው እንደ ሐውልት ነው።

ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ገጽ ባልፈጀሁ። ግን እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ሶፋው ላይ ላስቲኩ አለ። ቡፌው ውስጥ ለሠርጋችሁ የተሰጠው የብርጭቆ ስብስብ ከነቆጠራው ተደርድሯል፤ እናንተ የምትጠጡት ጠርዙ በተሸረፈው ነው። ሳጥን ውስጥ የታጠፈው ነጠላ «ለክት» እየተባለ ጥበቡ በእጥፉ በኩል እየሳሳ ነው። ሁሉም የተቀመጠው ለእንግዳ ነው። እንግዳው ይመጣል፤ «አይ፣ አትድከሙ» ብሎ ይሄዳል።

ሃይማኖተኛም ሁኑ አትሁኑ፣ አያቶቻችን ሰው በዚህ ምድር ላይ እንግዳ ነው ይሉ ነበር። እንዲያ ከሆነ ብርጭቆው የተቀመጠለት እንግዳ ሌላ ማንም አይደለም፤ እኛው ነን። ቆይታችንም አጭር ነው።